የውሻ እከክ፦ ምክንያቱ፣ ምርመራውና ሕክምናው

«እከክ የሰጠ ጥፍር አይነሳም» ይላል የአገራችን ሰው። ችግሩን የሰጠ መቋቋሚያውንም አብሮ ይሰጣል ለማለት ነው። ተረቱ መልካም ነው፤ ዳሩ ግን እከክ የያዘውን ውሻ ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ጥፍር ምን ያህል ደካማ መድኃኒት እንደሆነ ይገነዘባል። ውሻው ባከከ ቁጥር ቆዳው ይቆስላል። ቁስሉ ላይ ዝንብ ያርፋል፤ መግልም ይይዛል። ማሳከኩ ግን አይቀንስም። በዚህ ጽሑፍ እከክን ምን እንደሚያመጣው፣ እንዴት እንደሚታወቅና እንዴት እንደሚድን እንመለከታለን።

መከታ የተባለው ውሻ

እኛ መሠረተ ትምህርት ለማስተማር ወደ እንጅባራ አካባቢ የተመደብን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነን። እንጅባራ ቀድሞ ኮሶበር ይባል ነበር። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኝ የአዊ ዋና ከተማ ነው። አገሩ ከባሕር ወለል በላይ ከ2500 ሜትር የበለጠ ከፍታ ያለው ደጋ ነው። ክረምቱ ብርቱ ነው፤ የታጠበ ልብስ ሦስት ቀን ተሰጥቶም አይደርቅም። ይህን ያነሣነው ለጨዋታ ብቻ አይደለም። ብርዱና እርጥበቱ ከምንነጋገርበት በሽታ ጋር ግንኙነት አለው፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ያረፍንበት ቤት መከታ የሚባል ውሻ ነበረው። ቀን ከእረኛው ጋር ወሸራ በጎቹን ይጠብቃል፤ ሌሊት ጅብ ከበረቱ ያርቃል። በሰኔ ወር ስንደርስ ግን የጆሮው ጫፍ ተልጦ፣ የክርኑ ፀጉር አልቆ፣ ቆዳው ወፍሮና ተጨማዶ አገኘነው። ሌሊት ሲያክክ እግሩ ከግድግዳው ጋር ሲጋጭ እንሰማ ነበር። ከቀን ወደ ቀን ከሳ። ከቤት እንዳይገባ በር ተዘጋበት። ውሻውን አቅፎ የሚውለው የቤቱ ትንሽ ልጅም ክንዱና ሆዱ ላይ ቀያይ ሽፍታ ወጣበት።

አባወራው ቆረጡ። «ልጄን ከሚጨርስብኝ ወስጄ ገደል እሰደዋለሁ» አሉ።

«ስንት ሌሊት ጅብ የመለሰ ውሻ!» አሉ ባለቤታቸው። ከዚያ በኋላ ምንም አልተናገሩም።

«ጋሼ፣ ጥቂት ቀን ይታገሡን» ብለን ለመንናቸው። እሳቸውም እሺ አሉ።

ምክንያቱ ምን ይሆን ብለን ጎረቤቱን ጠየቅን። አንዱ «ጥንብ በልቶ ነው» አለን። ሌላው «አመድ ላይ ስለሚተኛ ነው» አለ። «ዓይን በልቶት ነው» ያሉም ነበሩ። እኛም በበኩላችን «ቆሻሻ ነው፤ በሳሙና ይታጠብ» አልን። ሁለት ሳምንት ሙሉ አጠብነው። አልዳነም። እውነቱን ለመናገር፣ የእኛ መልስ ከሌሎቹ መልስ የተሻለ አልነበረም። ሁላችንም የገመትነው ሳናይ ነውና።

እከክ ምንድን ነው?

የውሻን እከክ የሚያመጣው ሕይወት ያለው ተባይ ነው። በሳይንስ ስሙ ሳርኮፕተስ ይባላል። የመዥገርና የሸረሪት ዘመድ ነው፤ ሲያድግ 8 እግር አለው። ርዝመቱ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። በማስመሪያ ላይ ካሉት ትናንሽ መስመሮች በሁለቱ መካከል ሁለት ወይም ሦስት ተባዮች ተሰልፈው ይቆማሉ ማለት ነው። ስለዚህ በዓይን ብቻ ለይቶ ለማየት አይቻልም።

ፍልፈል በድንች ማሳ ሥር እየቆፈረች እንደምትሄድ ሁሉ፣ ሴቷ ተባይም የውሻውን የላይኛ ቆዳ እየቦረቦረች ትሄዳለች። በሄደችበትም በቀን ሁለት ሦስት እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ባለው ጊዜ ይፈለፈላል። የተፈለፈለው አድጎ እንደ እናቱ እንቁላል ለመጣል ከእንቁላሉ ጀምሮ ሲቆጠር ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ይፈጅበታል። አንባቢ ይህን ቁጥር እንዲይዝልን አደራ እንላለን፤ ሕክምናው የተመሠረተው በዚሁ ቁጥር ላይ ነው።

ማሳከኩ የሚመጣው መቆፈሩ ስለሚያም ብቻ አይደለም። የውሻው ሰውነት በተባዩ ምራቅና ኩስ ስለሚቆጣ ነው። ስለዚህ ተባዮቹ ጥቂት ሆነው ሳለ እንኳ ውሻው ሌሊትና ቀን ሊያክክ ይችላል።

የሰውንም እከክ የሚያመጣው የዚሁ ተባይ ሌላ ዘር ነው። እ.ኤ.አ. በ1687 ቦኖሞ የተባለ የጣሊያን ሐኪም ተባዩን በማጉያ መነጽር አይቶ፣ ሥዕሉን ሥሎ፣ የበሽታው ምክንያት ይኸው ነው ብሎ ጻፈ። ብዙ ሊቃውንት ግን አልተቀበሉትም። እከክ ከደም መበላሸት የሚመጣ ነው እያሉ ከመቶ ዓመት በላይ ቆዩ። ክርክሩን የዘጋው እ.ኤ.አ. በ1834 ሬኑቺ የተባለ የሕክምና ተማሪ ነው። ይህ ወጣት የኮርሲካ ደሴት ተወላጅ ነበር። በፓሪስ ሆስፒታል ውስጥ በመምህራኑ ፊት ተባዩን ከበሽተኛ ቆዳ በመርፌ ጫፍ አወጣው። ታዲያ ይህን ብልሃት ከየት ተማረው? በአገሩ ድኾች ሴቶች ሲያደርጉት አይቶ ነው። የገጠር ሴቶች የሚያውቁትን ሊቃውንቱ አያውቁትም ነበር።

እንዴት ይተላለፋል?

ተባዩ ክንፍ የለውም፤ አይዘልም። ከውሻ ወደ ውሻ የሚሄደው በመነካካት ነው። ውሾች አብረው ሲተኙ፣ ሲጫወቱ፣ ሲናከሱና ሲጠቁ ይተላለፋል። እከክ ያለበት ውሻ በተኛበት ገለባ ወይም ጆንያ ላይ ሌላ ውሻ ሲተኛም ሊይዘው ይችላል።

የአየሩ ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ተባዩ ከውሻው ላይ ከወደቀ፣ ሙቀትና ደረቅ አየር ባለበት ቦታ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በላይ እምብዛም አይቆይም። ቀዝቃዛና እርጥብ በሆነ ቦታ ግን እስከ ሁለትና ሦስት ሳምንት ሊቆይ ይችላል። በእንጅባራ ክረምት፣ በጎተራ ሥር ያለ እርጥብ ገለባ ለዚህ ተባይ የተመቸ ማደሪያ ነው።

የዱር አራዊትም ከዚህ በሽታ አያመልጡም። በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ እከክ ገብቶ በከተማው ዙሪያ የሚኖሩትን ቀበሮዎች አብዛኞቹን ፈጅቷል። እንግዲህ «የታመመውን ውሻ ጫካ ወስዶ መጣል» መፍትሔ አይደለም። በሽታውን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር ነው።

በምን ይታወቃል?

እከክ የሚጀምረው ፀጉር ከሚሳሳበት ቦታ ነው። የጆሮ ጠርዝ፣ ክርን፣ የኋላ እግር ቋንጃ፣ ደረትና ሆድ ቀድመው ይያዛሉ። ጀርባ ብዙ ጊዜ በኋላ ነው የሚያዘው። በመጀመሪያ ቀያይ ሽፍታ ይታያል፤ ቀጥሎ ቢጫማ ቅርፊት ይወጣል፤ ፀጉር ይረግፋል፤ በመጨረሻም ቆዳው ይወፍራል። ከሁሉ በላይ ግን ብርቱ ማሳከክ አለ።

አንድ ቀላል መፈተኛ አለ። የውሻውን የጆሮ ጫፍ አጥፎ በጣት መካከል ለጥቂት ጊዜ ማሸት ነው። እከክ ካለበት፣ አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ወገን ያለው የኋላ እግሩ ሊያክክ ይወራጫል። ይህ ምልክት ጥርጣሬን ያጠነክራል እንጂ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም። በሚነክስ ውሻ ላይም አይሞከርም።

ፀጉር የረገፈበት ውሻ ሁሉ እከክ አለበት ማለት እንዳልሆነ ማወቅ ያስፈልጋል።

1ኛ/ ቁንጫ፦ ውሻው በብዛት የሚያክከው ወይም የሚነክሰው የጭራውን ሥርና ወገቡን ነው። ፀጉሩ ሲገለጥ ቁንጫው ወይም ጥቁር ኩሱ ይታያል።

2ኛ/ ጭርት፦ ክብ ክብ ሆኖ ፀጉር ይመለጣል። የሚያመጣው ተባይ ሳይሆን ፈንገስ ነው። ወደ ሰውም ይተላለፋል።

3ኛ/ ዴሞዴክስ፦ ይህም በፀጉር ሥር የሚኖር ሌላ ጥቃቅን ተባይ ነው። በጤነኛ ውሻ ላይም በትንሹ ይኖራል። በብዛት የሚያጠቃው ቡችሎችንና ሰውነታቸው የደከመ ውሾችን ነው። በዓይንና በአፍ ዙሪያ፣ በፊት እግርም ላይ ፀጉር ይመለጣል፤ በመጀመሪያ ግን እምብዛም አያሳክክም። ቡችላ በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከእናቱ ይወስደዋል እንጂ ከትልቅ ውሻ ወደ ትልቅ ውሻ አይጋባም። ጥቂት ቦታ ላይ ብቻ ከሆነ ብዙ ጊዜ በራሱ ይድናል። ሰውነት ሁሉ ካዳረሰ ግን ረጅም ሕክምና ይጠይቃል።

4ኛ/ የጆሮ ተባይ፦ በጆሮ ውስጥ የቡና አተላ የመሰለ ጥቁር እድፍ ይጠራቀማል። ውሻው ራሱን ያራግፋል።

በክሊኒክ ያየነው ምርመራ

ሳሙናው አልሠራ ሲል መከታን አስረን ወደ እንስሳት ክሊኒክ ወሰድነው። ባለሙያው በመጀመሪያ አፉን በጨርቅ አሰሩት። ከዚያ ጥቂት ፈሳሽ ፓራፊን በምላጭ ላይ አድርገው፣ የጆሮውን ጠርዝ ደም ጠብ እስኪል ድረስ ፋቁት። «ተባዩ ጠልቆ ስለሚኖር ላይ ላዩን መፋቅ አይበቃም» አሉን። የተፋቀውን በጠፍጣፋ መስተዋት ላይ አድርገው በማይክሮስኮፕ ተመለከቱ።

ምንም አልተገኘም።

እኛም «እንግዲያው እከክ አይደለም ማለት ነው?» አልን። ባለሙያው ሳቁብን። «አልተገኘም ማለት የለም ማለት አይደለም። እከክ ካለባቸው ውሾች ብዙዎቹ በመጀመሪያ ሲፋቁ ተባዩ አይታይባቸውም» አሉን። ቀጥለው ክርኑንና ቋንጃውን ፋቁ። በሦስተኛው መስተዋት ላይ አንዲት ተባይ ተገኘች። በየተራ አየናት። ሰውነቷ ክብ ነው፤ እግሮቿ አጫጭር ናቸው፤ ትንቀሳቀሳለች። አባወራውም አጎንብሰው አዩና «ይቺ ናት ውሻዬን ገደል ልታስከትተው የነበረችው?» አሉ።

ተባዩ ባይገኝስ ኖሮ? ምልክቱ ሁሉ እከክን የሚያመለክት ከሆነ ሐኪሙ እንደ እከክ ቆጥሮ ሕክምናውን ይጀምራል። ውሻው ከተሻለው በሽታው እከክ ለመሆኑ ጥሩ ማስረጃ ነው።

ሕክምናው

በአገራችን ለዚህ በሽታ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መድኃኒት አይቨርመክቲን ነው። መድኃኒቱ የተገኘው ኦሙራ የተባሉ የጃፓን ሊቅ ከአገራቸው አፈር ውስጥ ከለዩት ረቂቅ ሕዋስ ነው። ለእንስሳት ሕክምና እ.ኤ.አ. በ1981 ዋለ። ኦሙራና አብሯቸው የደከሙት ካምቤል በዚሁ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል። በምዕራብ ኢትዮጵያም ዓይን ለሚያጠፋው የጥቁር ዝንብ በሽታ ለሰው ሲታደል የቆየው ይኸው መድኃኒት ነው።

መድኃኒቱ የሚለካው በክብደት ነው። ለከብት የሚውለው ባለ 1 በመቶ መርፌ 1 ሚሊ ሊትሩ 50 ኪሎ ለሚመዝን ሰውነት ነው። ታዲያ 300 ኪሎ የሚመዝን በሬ 6 ሚሊ ሊትር ይወጋል። በዚሁ ልክ 15 ኪሎ የሚመዝን ውሻ የሚደርሰው 0.3 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። በግምት «አንድ ይበቃዋል» ብሎ 1 ሚሊ ሊትር የወጋ ሰው ከልኩ በላይ ሦስት እጥፍ ሰጠ ማለት ነው። መድኃኒቱ ወደ አንጎል ከገባ ውሻው ይንገዳገዳል፣ ይታወራል፣ ሊሞትም ይችላል። ኮሊን የመሳሰሉ አንዳንድ የውጭ አገር የእረኛ ውሾች በትንሹም ይጎዳሉ። ለትናንሽ ቡችሎችም አይሰጥም። ስለዚህ መርፌውን መስጠት ያለበት ባለሙያ ነው።

ሌላው መድኃኒት አሚትራዝ ነው። በውሃ ተበጥብጦ ሰውነቱ ይታጠብበታል። ውሻው እስኪደርቅ ድረስ እንዳይልስ መጠበቅ፣ አጣቢውም የእጅ ጓንት ማድረግ ይገባዋል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ለቁንጫና ለመዥገር የተሠሩ የሚዋጡ ክኒኖች እከክንም በደንብ እንደሚያጠፉ ታውቋል።

አይቨርመክቲን ግን አንድ ድካም አለበት። ተባዩን ይገድላል፤ እንቁላሉን አይገድልም። በሰውነት ውስጥም ለረጅም ጊዜ አይቆይም። እንግዲህ ከላይ ያልነውን ቁጥር እናስታውስ። ዛሬ በቆዳ ውስጥ ያለ እንቁላል በጥቂት ቀናት ይፈለፈላል፤ ሁለትና ሦስት ሳምንት ሲሞላው ራሱ እንቁላል ጣይ ይሆናል። ስለዚህ ሁለተኛው መርፌ በ14ኛው ቀን ይሰጣል። የተፈለፈሉት አድገው ሳይራቡ ይደርስባቸዋል ማለት ነው። ብዙውን ጊዜ ሦስተኛ መርፌ በ28ኛው ቀን ይጨመራል።

እኛ የሠራነው ስሕተት

መከታ የመጀመሪያውን መርፌ ሰኔ 20 ተወጋ። በሳምንቱ ማከኩ ቀነሰ፤ ምግብ ጀመረ። እኛም «ዳነ» አልን። አባወራውም መርቀውን በሩን ከፈቱለት። ሁለተኛው መርፌ ሐምሌ 4 ነበር። ቀኑን የጻፍነው በራሳችን ደብተር ላይ ነው። በዚያ ሳምንት ለሌላ ሥራ ወደ ዳንግላ ተጠራን፤ ደብተሩም አብሮን ሄደ። በቤቱ ውስጥ ቀኑን የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

የሐምሌ ወር ሳያልቅ መከታ እንደገና ማከክ ጀመረ። ባለቤትዬዋ «እናንተ ልጆች፣ ድኗል አላላችሁም እንዴ?» ሲሉን የምንመልሰው አጣን።

ባለሙያው ዘንድ ተመልሰን ስንጠይቅ ሁለት ስሕተት እንደሠራን ነገሩን። አንደኛ፣ ቀኑን አሳልፈናል። ሁለተኛ፣ መከታን ብቻ ነው ያሳከምነው። በአካባቢው 11 ውሾች አሉ፤ ሌሊት አብረው ያድራሉ። ከእነርሱ አንዱ እንኳ እከክ ካለበት መከታ ቢድንም መልሶ ይይዘዋል። የማያክኩትም ቢሆኑ ተባዩ ሊኖርባቸው ይችላል፤ ምልክቱ ከመታየቱ በፊት ሳምንታት ሊያልፉ ይችላሉና።

በዚሁ መሠረት ከጎረቤቱ ጋር ተመካክረን 11ዱንም ውሾች ነሐሴ 5 ባንድ ቀን አስወጋን። የሚተኙበት ገለባ ተጠርጎ ተቃጠለ። ጆንያው በፈላ ውሃ ታጠበ። ቀጣዮቹ ቀናት ነሐሴ 19 እና ጳጉሜን 3 ሆኑ።

መደረግ የሌለባቸው ነገሮች

1ኛ/ የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት። ይህ ልማድ በብዙ ቦታ አለ። ዘይቱ ቆዳውን ያቃጥላል፤ ውሻው ሲልሰውም ይመርዘዋል።

2ኛ/ ለእህልና ለማሳ የተሠራ የተባይ መድኃኒት መርጨት። ይህ ውሻውን ብቻ ሳይሆን የሚያቅፈውንም ልጅ ይጎዳል።

3ኛ/ ከብት ሲወጋ የተረፈውን መድኃኒት ያለ ልክ መስጠት።

4ኛ/ የተሻለውን ውሻ «ድኗል» ብሎ ቀሪውን መርፌ መተው።

ሰውስ?

የውሻው ተባይ ወደ ሰው ይሻገራል፤ ነገር ግን በሰው ቆዳ ላይ አይራባም። ውሻውን ባቀፈበት ቦታ፣ ማለትም በክንድ፣ በሆድና በጭን ላይ ሽፍታ ያወጣል። ውሻው ሲድን ሽፍታውም በሁለት ሦስት ሳምንት ውስጥ ብዙውን ጊዜ በራሱ ይጠፋል። በልጁም ላይ የሆነው ይኸው ነው።

ማሳከኩ በጣቶች መካከልና በእጅ አንጓ ላይ ከሆነ፣ ሌሊት የሚብስ ከሆነና ቤተሰቡን ሁሉ ከያዘ ግን የሰው እከክ ሊሆን ይችላል። ይህ ውሻ በመታከሙ አይጠፋም። ቤተሰቡ በሙሉ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ባንድ ጊዜ መታከም አለበት። በ2008 ዓ.ም. ድርቁ ውሃን ባሳጣ ጊዜ በአማራ ክልል ከ300 ሺህ በሚበልጡ ሰዎች ላይ የሰው እከክ ተገኝቶ ነበር። እከክ እንደ ቀላል ነገር የሚታይ በሽታ አይደለም።

ውሻ ለሕክምና ሲያዝ ቢነክስ ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል፤ የእብድ ውሻ በሽታ ያሠጋልና።

የበሩ መቃን ላይ ያለው ጽሑፍ

በሁለተኛው ጊዜ ቀኑን በደብተራችን ላይ አልጻፍንም። አባወራው በማታው ትምህርት ቁጥር መጻፍ ጀምረው ነበር። ከምድጃው ከሰል አንሥተው በበሩ መቃን ላይ «መከታ ነሐሴ 19» ብለው በእጃቸው ጻፉ። ከሥሩም «ጳጉሜን 3» ጨመሩ። «ነሐሴ» የሚለው ቃል ሁለት ጊዜ ተሰርዞ በሦስተኛው ነው የተስተካከለው። ነሐሴ 19 ጧት እኛ ገና ከመኝታችን ሳንነሣ፣ መከታን በገመድ ይዘው ጎረቤቱን «ዛሬ ነው፣ ውጡ!» እያሉ ሲጠሩ ሰማናቸው።

ለመስቀል ስንሰናበት የመከታ ክርን ፀጉር አብቅሎ ነበር። ጆሮው ጫፍ ላይ ጥቂት ጠባሳ ቀርቷል። ጽሑፉም መቃኑ ላይ እንዳለ ነው።

ጥያቄዎች

1. እከክን የሚያመጣው ምንድን ነው? በዓይን ብቻ የማይለየው ለምንድን ነው?
2. እከክ ከቁንጫና ከጭርት በምን ይለያል?
3. በመጀመሪያው ምርመራ ተባዩ ባይገኝ ውሻው ጤነኛ ነው ለማለት ይቻላልን?
4. ሁለተኛው መርፌ በ14ኛው ቀን የሚሰጠው ለምንድን ነው?
5. 1 ሚሊ ሊትር ለ50 ኪሎ ከሆነ፣ 20 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ ባለሙያው ስንት ሚሊ ሊትር ይሰጠዋል?
6. በአካባቢያችሁ ስንት ውሾች አሉ? አብረው የሚያድሩት የትኞቹ ናቸው? ቆጥራችሁ ጻፉ።